የሰፈራችሁን ውሃና አፈር ፀረ ተባይ ሲበክለው፦ ከደብተር እስከ ፍርድ ቤት

እኔ በምኖርበት ሰፈር ከአጥር ወዲያ የኬሚካል መጋዘን አለ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከመጋዘኑ ሥር ይነሳና በየግቢያችን ያልፋል። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ለዓመታት «ዛሬም ሸተተ» እያልን በር ዘግተን ቡናችንን እንጠጣ ነበር። ዶሮ ሲሞት ፈንግል ነው አልን። ልጆች ሲያሳክካቸው ሙቀት ነው አልን። ወረዳ የተመላለስንበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሁሉንም ግን የተናገርነው በአፍ ነው። «ያኔ ብለናችሁ ነበር» ብለን ስንነሳ፣ «መቼ? ለማን?» የሚል ጥያቄ መጣ። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ሁሉ ምልልስ የተረፈን ነገር ቢኖር አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ መምህር ለራሳቸው ሲሉ ይጽፉት የነበረ ነው። ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቀን እሱን ነው። ይህን የምጽፈው እኛ ዘግይተን ያወቅነውን እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው። መጋዘን አጠገብ ብትኖሩ፣ የአበባ እርሻ አጠገብ ብትኖሩ፣ ድሮ ኬሚካል የተቀበረበት ቦታ ላይ ቤት ብትሠሩ፣ መንገዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ሰው አትርፉ

ክሱ ይደርሳል። ውሃው ከተጠረጠረ ግን ዛሬውኑ አትጠጡት፣ አታብስሉበት፣ ለሕፃን ወተት አትበጥብጡበት። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፀረ ተባይን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ መርዙ ሊወፍር ይችላል። ውሃ አጋር መጨመርም ለዚህ አይሠራም።

ሰው ከተመረዘ ልብሱን አውልቁና ገላውን በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡት። ስታጥቡት የራሳችሁን እጅ በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኑ። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ዓይኑ የሚያነባ፣ የሚያልበው፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ የመርፌ ጫፍ ያከለ፣ ጡንቻው የሚንቀጠቀጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ አንድ ደቂቃ አታባክኑ፤ ሆስፒታል ውሰዱት። እኛ ዘንድ ወተት ማጠጣት ልማድ ነው። ወተት የዚህ መርዝ ማርከሻ አይደለም። ለማስታወክ ብላችሁም ጣት አትክተቱ። ከእናንተ የሚጠበቀው የኬሚካሉን ዕቃ ወይም የመለያ ወረቀቱን ፎቶ ይዛችሁ መሄድ ነው። ሐኪሙ ማርከሻውን የሚመርጠው በእሱ ነው።

ደብተሩን ዛሬ ጀምሩ

የመምህሩ ደብተር ላይ አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ሐምሌ 12። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። ሌሊቱን ዝናብ። ከመጋዘኑ ሰሜን በኩል ካለው ቱቦ ነጣ ያለ አረፋ ያለው ውሃ ወጣ። ወደ ታችኛው ጉድጓድ ገባ። 3 ዶሮ ሞተ። የጎረቤት ልጅ ዓይኑ ቀልቶ ጤና ጣቢያ ሄደ። ያዩ፦ እኔና ሁለት ጎረቤቶች።»

ይኸው ነው። አንድም የንዴት ቃል የለበትም። «ጨረሱን» አይልም፣ «መንግሥት የት አለ» አይልም። ቀን፣ ሰዓት፣ አየር ሁኔታ፣ ቦታ፣ የታየው ነገር፣ ያየው ሰው። ፍርድ ቤት ውስጥ የሚቆመው እንዲህ ያለው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። ገጾቹን ቁጥር ስጧቸው። ገጽ አትቅደዱ። ከተሳሳታችሁ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አጠገቡ ፈርሙ።

ፎቶም አንሱ። ስልካችሁ ላይ ቀንና ቦታ የሚመዘግበውን ነገር ክፈቱት። አንድ ፎቶ ከሩቅ ይሁን፣ መጋዘኑና የእናንተ ቤት አብረው የሚታዩበት፤ አንድ ደግሞ ከቅርብ። ዋናውን ፋይል አታጥፉ። በቴሌግራም ሲላክ ፎቶው ስለሚጨመቅና ተያይዞ ያለው መረጃ ስለሚጠፋ፣ የተላከላችሁን ሳይሆን የተነሳበትን ስልክ ጠብቁ።

የኬሚካሉን ስም እወቁ

«መርዝ ነው» ማለት አይበቃም። ላቦራቶሪ ስም ይፈልጋል። ባዶ ዕቃ ወድቆ ካገኛችሁ በእጃችሁ ሳትነኩ የመለያ ወረቀቱን በፎቶ አንሱ። የንግድ ስሙ በትልቁ ይጻፋል፤ እናንተ የምትፈልጉት በትንሹ የተጻፈውን፣ ማላታይን፣ ዲያዚኖን፣ ኢንዶሰልፋን የሚል ዓይነቱን ነው። ከታች ያለውን የቀለም መስመርም እዩ። ቀዩ እጅግ አደገኛ የሚባለው ነው። በነገራችን ላይ፣ የእነዚህን ኬሚካሎች ጀሪካን አጥቦ ውሃ መቅጃ ያደረገ ቤት በሰፈራችሁ ካለ ዛሬ ሄዳችሁ ንገሩት። ታጥቦ አይጸዳም።

አገር ውስጥ የሚገባ ፀረ ተባይ መመዝገብ አለበት። ሕጉ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቁ። ያልተመዘገበ ወይም ጊዜው ያለፈበት ከሆነ የክሳችሁ ግማሽ መንገድ ተጠረገ ማለት ነው።

የድሮ መጋዘን ከሆነ ደግሞ የድሮውን ታሪክ ፈልጉ። አገራችን ለአንበጣ፣ ለወባና ለጥጥ ስታስገባው የኖረችው ፀረ ተባይ በየክልሉ መጋዘን ተከማችቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በተደረገ ዘመቻ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ተሰብስቦ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ተቃጠለ። ከረጢቱና በርሜሉ ቢሄድም ወለሉና ሥሩ ያለው አፈር ሊቀር ይችላል። እንደ ዲዲቲ ያለው ለአሥርት ዓመታት አፈር ውስጥ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ጥበቃ የነበሩ፣ ዕቃ የጫኑ፣ ያራገፉ አባቶች በየሰፈሩ አሉ። ቤታቸው ሂዱ። የሚናገሩትን ጻፉና አስፈርሙ። ዕድሜ አይጠብቅምና አትዘግዩ።

እድሩን ሰብስቡ

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትድከሙ። እድር አለላችሁ። አባላቱ ይታወቃሉ፣ ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ማህተምም አለ። ጉዳዩን አጀንዳ አስይዙና ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙት ሰዎች ስምና ፊርማ፣ የተመረጡት ተወካዮች፣ የተሰጣቸው ሥልጣን ይጻፍ። ከሦስት እስከ አምስት ተወካይ ይበቃል፤ ቢያንስ አንዷ ውሃ የምትቀዳ እናት ትሁን። ውሃው መቼ እንደተለወጠ ከሁሉም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች በጥቂት ተወካዮች አማካይነት እንዲከሱ ይፈቅዳል። ፍርድ ቤቱ ሁሉም መስማማታቸውን ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ፊርማው ይሟላ፤ ውክልናውም በሰነዶች ማረጋገጫ ይጽደቅ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። በእርሻው ወይም በመጋዘኑ ተቀጥረው የሚሠሩ ጎረቤቶቻችሁ አሉ። ልጆቻቸውን የሚያበሉት በዚያ ደመወዝ ነው። ከዳተኛ አትበሏቸው። ከሁሉም በላይ የተጎዱት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስብሰባው ላይ «ይዘጋልን» ከማለታችሁ በፊት «ይጽዳልን፣ በአግባቡ ይያዝልን» የሚለውን አስቀድሙ። እኛ ይህን ባለማድረጋችን ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ብዙ ወር ጠፍቶብናል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ናሙና አወሳሰድ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ነው። የእኛ የመጀመሪያ ናሙና በሃይላንድ ጠርሙስ ነበር። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆመን ቀዳነው፣ በፌስታል ጠቅልለን፣ ፀሐይ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ውለን በማግስቱ አስረከብን። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ አይታን ዝም አለች። ከዚያ በትሕትና «ይሄን ብመረምረውም አይጠቅማችሁም» አለችን።

ፕላስቲክ ፀረ ተባዩን ወደራሱ ይስበዋል፤ ውሃው ውስጥ ያለው መጠን ያንሳል። ጠርሙሱ ብርሃን የማያስገባ ቡናማ ብርጭቆ መሆን አለበት። ክዳኑም የተለየ ሽፋን ያስፈልገዋል። ከላቦራቶሪው ራሱ ውሰዱ፤ ታጥቦ የተዘጋጀ ይሰጧችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የምትፈልጉትን ኬሚካል መመርመር መቻላቸውን ጠይቁ፤ ሁሉም ላቦራቶሪ ሁሉንም አይሠራም። ከኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ወይም ከዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪ ክፍል ጀምሩ። ለዚህ ምርመራ ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያነሳው ክርክር እሱ ነው።

ስትቀዱ አዲስ ጓንት አድርጉ። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙሉት፣ አየር አይቅርበት። ወዲያው በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ክተቱት። 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀዝቅዞ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ፣ ቢቻል በዚያው ቀን ይድረስ። ከአንድ ቦታ ብቻ አትውሰዱ። ከተጠረጠረው ጉድጓድ፣ ከቱቦው አፍ፣ እና ጎርፉ ከማይደርስበት ከላይኛው ሰፈር ጉድጓድ ውሰዱ። ይህ ሦስተኛው ማነጻጸሪያ ነው። እሱ ንጹሕ ሆኖ የእናንተ ከተበከለ፣ «አካባቢው ሁሉ እንዲህ ነው» የሚለው መከራከሪያ ይወድቃል። አፈርም ስትወስዱ ከላይኛው ንብርብር፣ ከተለያዩ ነጥቦች ውሰዱ፤ የወሰዳችሁበትን ቦታ በንድፍ ላይ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ወረቀቱ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የቀዳው ሰው ስም ይጻፍ። በክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ፈርሙበት፣ ማንም ሳይቀድደው እንዳይከፍተው። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር ያስረከበውም የተረከበውም በአንድ ቅጽ ላይ ከሰዓቱ ጋር ይፈርሙ። የወረዳውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ በደብዳቤ ጋብዙ። ከመጣ ምስክር ሆነ። ካልመጣ ደብዳቤያችሁ ምስክር ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ከምን ጋር እንደምታነጻጽሩ እወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዲዲቲ በመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለአንድ ፀረ ተባይ 0.1፣ ለሁሉም ተደምሮ 0.5 ማይክሮግራም ይላል። እነዚህ ሕጋችን አይደሉም፤ ዳኛው ግን የመጠኑን ክብደት እንዲረዳ ያግዛሉ።

የሕክምና ማስረጃ

ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ኬሚካሎች፣ ማላታይንና ዲያዚኖን ጭምር፣ በደም ውስጥ ያለውን ኮሊንስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያዳክማሉ። በደም ምርመራ ይታያል። ጊዜ ካለፈ ግን መጠኑ ወደነበረበት ይመለስና ምልክቱ ይጠፋል። ስለዚህ በተጋለጣችሁበት ቀን ወይም በማግስቱ ጠይቁ፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ድገሙት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚናገረው። ሐኪሙ ካርዱ ላይ «ኬሚካል ሸትቶት ነበር» የሚለውን ታሪካችሁን እንዲጽፈው ለምኑት። ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ሕመም ፍርድ ቤት አይደርስም።

ማመልከቻው

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ለነዋሪ ትልቅ በር ይከፍታል። ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ አቻ መሥሪያ ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። ሁለቱንም ጥቀሱ፤ ከዚያ በፊት ግን አዋጁ እንዳልተሻሻለ ከጠበቃ አጣሩ።

ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። «ጉዳዩ፦» በሚለው ላይ በአንድ መስመር ነገሩን ጻፉ። ከዚያ ምን እንደታየ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ነው ብላችሁ እንደምታምኑ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ። የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ ቃለ ጉባኤውን፣ የደብተሩን ኮፒ አያይዙ። ግልባጭ ለወረዳው፣ ለጤና ቢሮው፣ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አድርጉ።

አሁን ልብ በሉ። ለጸሐፊዋ ሰጥታችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት ሂዱ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ግቡ። በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይደረግበት። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ኑ» ካሏችሁ፣ መዝገብ ቤት ለመቀበል የኃላፊ ፈቃድ እንደማያስፈልገው በትሕትና ንገሯቸው። ካልሆነ በሪኮማንዴ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን ያዙ።

ሰዓቱ የሚቆጥረው ከዚያ ማህተም ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው ካላረካችሁ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ይጠቅማል። ጥቅምት 5 ያስገባችሁት ኅዳር 5 ይሞላል፤ መልስ ከሌለ ክሱ ከጥር 5 በፊት መግባት አለበት። ቀኑን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ጳጉሜን ከመሃል ከገባች ግን ቀኖቿን ቁጠሩ። «እያየነው ነው፣ ትንሽ ታገሱ» የሚል የስልክ መልስ ሰዓቱን አያቆመውም።

በተጓዳኝ የመጋዘኑን ወይም የእርሻውን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። «ፍሳሽ አይወጣም» ብለው የፈረሙበት ወረቀት ካለ፣ ከቱቦው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት።

ፍርድ ቤት

ካሣ ስትጠይቁ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2069 ጠበቃችሁ እንዲያየው አድርጉ። መርዛማ ነገር በማስቀመጥ ወይም በመጠቀም ሌላውን ከተለመደው ውጭ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ደርሶ ጉዳት ካመጣ ኃላፊ ነው። ጥፋት ሠርቷል ብላችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። መርዙ የእሱ መሆኑን፣ ጉዳት መድረሱን፣ ጉዳቱም በመርዙ የመጣ መሆኑን ታስረዳላችሁ። ለደሃ ሰፈር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የካሣ ክስ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ግን አጭር ነው። አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ 2 ዓመት ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ፣ የረዘመው ይሠራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 አካባቢን መበከልን፣ አንቀጽ 520 አደገኛ ቆሻሻን በአግባቡ አለመያዝን ይቀጣል። ስለዚህ ለፖሊስም አመልክቱ። ይርጋ ምን እንደሚያደርግ ከማርቲኒክና ከጓዴሎፕ ሰዎች ይታያል። በፈረንሳይ ሥር ባሉት በእነዚህ ደሴቶች የሙዝ እርሻዎች ላይ ክሎርዴኮን የተባለ ፀረ ተባይ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1993 ተረጨ። የወንጀል አቤቱታው የቀረበው በ2006 ነው። በ2023 መጀመሪያ መርማሪ ዳኞች መዝገቡን ማንንም ሳይከሱ ዘጉት፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ጊዜው ማለፉ ነበር። መርዙ ግን ዛሬም አፈራቸው ውስጥ አለ።

የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካቃታችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳትከፍሉ፣ መክሰስ ይቻላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው ሥር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ፍሳሹ አሁንም እየወጣ ከሆነ ከክሱ ጋር የዕግድ ማመልከቻ ይግባ።

ዳኝነት ስትጠይቁ

ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ። ሕንድ ውስጥ ቦፓል ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 ከፀረ ተባይ ፋብሪካ የወጣው ጋዝ ሺዎችን ገደለ። የካሣው ጉዳይ በ1989 በ470 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ግቢው ውስጥ ከቀረው መርዛማ ቆሻሻ 337 ቶኑ ተጭኖ የወጣው ግን በ2025 ነው። ለ40 ዓመት ሰው እዚያው አጠገቡ ኖረ። ስለዚህ ለየብቻ ጻፉት፦ ፍሳሹ ይቁም፤ አፈሩና ጉድጓዱ ይጽዳ ወይም የማጽጃው ወጪ ይከፈል፤ እስኪጸዳ ንጹሕ ውሃ በቦቴ ይቅረብ፤ ነዋሪው በየጊዜው ይመርመር፤ ለደረሰው ጉዳት ካሣ ይከፈል።

መሐል ላይ ሽማግሌ ይላካል። መምጣቱ ክፋት የለውም። የሚቀርብላችሁን ወረቀት ግን የመጨረሻውን አንቀጽ መጀመሪያ አንብቡ። «ከዚህ በኋላ በማናቸውም ሁኔታ ጥያቄ አናነሳም» የሚል ካለ፣ ነገ የሚታመመውን ልጅ መብት ጭምር እየሸጣችሁ ሊሆን ይችላል። ማንም ተወካይ ብቻውን አይፈርም። እድሩ ተሰብስቦ፣ ተነቦለት፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነው የሚፈረመው።

ፍርድ ካገኛችሁ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ፤ ፍርድ በራሱ አይፈጸምም። «ጸድቷል» ሲሏችሁ ከዚያው ጉድጓድ፣ በዚያው ዓይነት ጠርሙስ፣ በዚያው ላቦራቶሪ እንደገና አስመርምሩ። እስከዚያ የጉድጓዱን ክዳን በቀይ ቀለም ቀቡት፤ ማንበብ የማይችል ልጅም ይለየዋል።